የሥራ ሰዓት

አታሚው ሰሌዳ ሠርቶ አመጣልኝ፣
«ትርንጎ፣ ልብስ ስፌት» ብሎ ጻፈልኝ፤
በአማርኛ አንዴ፣ በዕብራይስጥ አንዴ፣
ከሥሩ ግን ባዶ መስመር ተወልኝ።
«የሥራ ሰዓትሽ ከስንት እስከ ስንት ነው?» አለኝ።

ከስንት ነው?

ሌሊት ዐሥር ሰዓት ነው እንግዲህ መክፈቻዬ፤
የኤልያ ሳል ሲቆም፣ የናታን ጡጦ ሲያልቅ፣
ያኔ ነው መርፌዬ።

መኪናዋን ያቆምኳት ማማዱ ውስጥ ነው፣
ይኸ ከሮኬት መሸሸጊያ፣ ባለ ብረት መስኮት፣
ከግድግዳው ውፍረት ድምፅ አይወጣበት።
ለጦርነት ሠሩት፤
ለእኔ ሱቅ ነው፣ ለልጆቼ መኝታ ቤት።
በዚህ ጥግ አልጋቸው፣ በዚያ ጥግ ገመድ ላይ
የሰው ሠርግ፣ የሰው ሱሪ፣ የሰው ወታደር ልብስ፣
አንዱ ሊጠብ፣ አንዱ ሊያጥር፣
የአንዱ ወገብ ሊመለስ።

ጠዋት ክፍት ነው ልበል? ጠዋትማ ጣጣ፤
ኤልያ ካልሲዋን ገልብጣ ለብሳ ስትወጣ፣
ናታን በትከሻዬ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ፣
«እማ፣ ይቺን ድንጋይ ላንሳ?» «አንሺ።» «ይቺንስ?»
የመዋያው በር ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ።

ስመለስ ስቬትላና ሱሪ ይዛ ቆማለች።
«ለነገ» አለች፤ ትላንትም ለነገ ብላለች።
ዋጋውን ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ፣
«ሃያ አምስት ሼኬል? ለአንድ ሱሪ ጫፍ!»
እኔም እንደ እናቴ እፍር ብዬ ሃያ አልኳት፣
ክሩን፣ መብራቱን፣ ዓይኔን ሳልጨምርላት።

«ዓይን አፋር ነጋዴ ትርፉ ምርቃት ነው»
አለኝ ሒሳብ ሠራተኛው።
«ምርቃቱም ይግባ ደረሰኙ ላይ» አልኩት።
እሱ ሳቀ። እኔ ግብሩን ከፈልኩት።

ባለፈው ሰኞ ማታ ሞራን ሙሽራዋ መጣች፣
ቀሚሷን ለብሳ በርጩማው ላይ ወጣች።
በአፌ ስምንት ስፒል፣ ናታን እግሬ ሥር፣
ጫፉን እያጠፍኩ ሳለ ጮኸ ሳይረኑ።
ሌላው ሰው ይሮጣል። እኛ ወዴት እንሩጥ?
ደርሰናል። የብረቱን መስኮት ጎተትኩ፤
ፒዛ አድራሹ ልጅ ከደረጃው ሮጦ ገባ፣
ከነቆቡ፣ ከነሣጥኑ።
ሙሽራይቱ አልጋው ላይ ናታንን አቀፈች፣
ስፒሉ እንዳይወጋው እጄን መሀል አገባሁ።
«እማ፣ ሠርጉ እዚህ ነው?» ኤልያ ጠየቀች።
መልስ የሰጣት የለም። ሩቅ ቦታ ሁለቴ ጓ አለ።
ልጁ ሣጥኑን ከፈተ፣
«ይቀዘቅዛል» አለ።
በላን።

ጸጥ ሲል ሞራን ተመልሳ በርጩማው ላይ ወጣች፤
«ትንሽ አጠር» አለች።

ይህን ሰዓት ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?
አስማማው ፋብሪካው ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው፤
እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ፣
ደረጃው መሀል ቁልፍ እንቀባበላለን፣
እንደ ዘበኛ። አንዳንዴ ሳቅም አለው።

አንድ ቀን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣
ኤልያን ጮህኩባት፤
መቀሱን አንሥታ የሰው ሐር ቆርጣ፣
«ለአሻንጉሊቴ ነው» ብላኝ።
ለሐሩ ሦስት መቶ ሼኬል ከፈልኩ፤
ለጩኸቱ ግን እስከ ዛሬ አልከፈልኩም።

ዛሬ ናታን ሲተኛ እስክሪብቶ አነሣሁ።
ኤልያ ቀድማኛለች። በባዶው መስመር ላይ
ክብ ሥላለች፤ ክቧ እግር አላት፣ ፀጉር አላት፣
የያዘችው መርፌ ይሁን ማንኪያ፣ እንጃ።
አላጠፋሁትም።
ከጎኑ በተረፈች ጠባብ ቦታ ጻፍኩ፦

በቀስታ ያንኳኩ። ሕፃን ተኝቷል።
እኔ አልተኛሁም።